የድኩላዋ ዓይን

መሳፍንት ምናለን የሰደበው በ1998 ዓ.ም. በጥምቀት፣ አምበር ከተማ ላይ፣ ታቦቱ ሲመለስ ነው። ምናለ ቀኑን ይቅርና ሰውየው የለበሰውን የጋቢ ጥለት እንኳ አልረሳም። መሳፍንት የአያቱን የባልጩት ጠመንጃ አንግቶ ቆሟል፤ ያ ድንጋዩ ከብረት ተጋጭቶ በሚያወጣው ብልጭታ ባሩዱን የሚያነድ የድሮ የአደን መሣሪያ ነው። ምናለ ሰደፉን ለማየት ጠጋ አለ። ሰውየው በጋቢው ሸፈነና፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ዓይንህን አንሳ፣ አንተ ጠይብ። ይሄን እንኳን ልትሠራው ልታየውም አይገባህም» አለው። የሳቁትን ሁሉ ዛሬም በስም ይጠራቸዋል። ከእነሱ የሞቱም አሉ፤ ቀብራቸው አልሄደም።

ያ ሰደፍ የምናለ የገዛ አያቱ የአማረ እጅ ሥራ ነው። ብረቱ ከባሕር ማዶ መጣ፣ ይሁን። ወይራውን ጠርቦ፣ በቀጭን በቀጭኑ ፈልፍሎ፣ በፍልፍሉ ውስጥ የብር ክር እየቀጠቀጠ ሐረግ ያስያዘው ግን ቀጥቃጩ አማረ ነው። በሐረጉ መካከል አንዲት ድኩላ ትሮጣለች። እየሮጠች ፊቷን ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ታዞራለች። ጉንጩን አስደግፎ ያነጣጠረ ሰው ከዓይኑ ሥር የሚያገኘው የእሷን ዓይን ነበር፣ ዓይን ቢኖራት።

በአማረ ቤት ወግ አንድ ሥራ አለቀ የሚባለው ባለቤቱ «እጅህ ይባረክ» ሲል ነው። እስኪል አንዲት ነገር ሳትገጠም ትቆያለች። የመሳፍንት አያት ግን ለአደን ቸኩለው «ለጠይብ ምርቃት የለኝም» አሉና ጠመንጃውን ነጥቀው ወጡ። ለድኩላዋ ዓይን የተሞረደችው የብር ፍሬ በአማረ መዳፍ ላይ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውን ከወረሱት አንዱም በሁለት ዓይኑ አላረጀም። አገሩ ሁሉ የጠይቡ ዓይን ነው ይላል። በምናለ ቤት የሆነውን ግን የሚያወራ የለም። አማረ ሲሞት ግራ ዓይኑ አልከደን አለ። የምናለ አባትም እንዲሁ፤ ምናለ ራሱ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ይዞ አመሸ፣ ሲለቀው ተገለጠ። ሬሳው እስኪወጣ ያ ዓይን በቤቱ የሚያልፈውን ሁሉ ተከተለ። ምናለ ፍሬዋን ወርሶ ደብረ ማርቆስ ባለው ብየዳ ቤቱ በክብሪት ቀፎ ሸሸጋት። አንዳንዴ ሲበይድ፣ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሆነ ነገር መልሶ ያየዋል።

ዘንድሮ የመሳፍንት ሚስት ሥራነሽ እዚያው መጣች።

«አያ ምናለ፣ ይምጡልኝ። ልጄ ሕሊና ግራ ዓይኗ እየፈዘዘ ነው። ሐኪሙም ምኑም አልገባው።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«እሱ ነው የላከኝ። ራሱ መምጣት ሞቱ ነው።»

ምናለ የክብሪት ቀፎውን ኪሱ ከተተ። የሰውየውን መምጣት መቼ ፈለገ፤ የፈለገው ያችን የምርቃት ቃል ነው። ቃሏ ከተባለች ልጅቱም ትድናለች፣ እሱም ጊዜው ሲደርስ እንደ ሰው ዓይኑን ከድኖ ይተኛል።

መሳፍንት በቤቱ መደብ ላይ ጠመንጃውን በጭኑ ይዞ ጠበቀው። ግራ ዓይኑ እንደ ወተት ነጥቷል።

«መዶሻ ይዘህ መጣህ ወይስ በኤሌክትሪክ ልታነድብኝ ነው?»

«መዶሻ አያስፈልጋትም፣ ጋሽ መሳፍንት።»

ምናለ ሰደፉን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሰሰው። ጣቱ ሐረጉን ተከትሎ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ የአያቱ መሮ አዳልጦት ኖሯል፤ ጭረቷን ቅጠል አድርጓታል። አባቱም በማረሻ ሥራ ላይ ስሕተቱን እንዲሁ ነበር የሚያስጌጥ። ባዶዋን ጉድጓድ ሲነካት እንደ ሰው ጉንጭ ሞቀችው።

ፍሬዋን አስገባት። ልክ ሆነች። በአውራ ጣቱ እንደያዛት ቀና አለ።

«ቃሏን ይበሉኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለአማረ።»

ሥራነሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ዋጠች። መሳፍንት ከንፈሩን ላሰ። ድኩላዋን አየ፣ ድኩላዋም አየችው።

«እጅህ...» አለ።

«እንዴት ዋላችሁ ቤቶች» እያለ ጎረቤታቸው አበረ ገባ። «ምን እየተሠራ ነው?»

መሳፍንት ጎረቤቱን አየ፣ ምናለን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንም። የወደቀች ጌጥ ነበረች፣ ይሄ ጠይብ እያጣበቀልኝ ነው።»

«ብቻ ዓይኑን ከልጅቱ አርቅ» አለና አበረ ሳቀ። መሳፍንትም አብሮ ሳቀ፤ ያንኑ የጥምቀቱን ሳቅ።

ምናለ አውራ ጣቱን አነሳ። ሰደፉን ሲያዘነብለው ፍሬዋ ተመልሳ መዳፉ ላይ ወደቀች። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አስተኛ፤ የድኩላዋን ፊት ወደ ባለቤቱ አዞረና ወጣ።

«በል ጨርሰህ ሂድ እንጂ» አለ መሳፍንት ከውስጥ። ሳቁ ከድምፁ ላይ ጠፍቷል። «ምናለ፣ እልሃለሁ። ተመለስ፣ እልሃለሁ።»

ሥራነሽ አጥሩ ድረስ ተከተለችው። «አያ ምናለ፣ እሱስ እሺ፣ ልጄ ምን አደረገችዎ? ያችን ነገር ይዘዋት የት ይደርሳሉ?»

ከጮቄ በኩል ነፋስ አቧራ ይዞ መጣ። ዓይኖቹን ጨፈነ። ቀኙ ተከደነለት። ግራው ግን አቧራው እየገባበት መንገዱን ማየቱን አልተወም። ፍሬዋን ጨበጠና ወደ አስፋልቱ ወረደ።