ሕልሟን ለአናጢው

ሚስቴ ውብነሽ ሕልሟን የምትነግረው ለግዛው ነው። ግዛው እዚሁ ለቡ፣ ከአጥራችን ማዶ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ጠዋት ጠዋት ትሻገራለች፤ እኔ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳቋን አዳምጣለሁ።

እኛ ዘንድ ሕልም የሚነገረው ሰው፣ ገና ሳይሰማ «በጎ ነው» ይላል። እኔ በአሥር ዓመት ትዳር አንድ ቀን ብዬው አላውቅም። «በጎ መሆኑን በምን አወቅን? የተኛ አእምሮ የቀን ትርፍራፊ ያግበሰብሳል፤ ታሪክ የምታደርጊው ስትነቂ አንቺው ነሽ» እላታለሁ። በሰማንያ ዘጠኝ መስከረም ይህንኑ ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ። ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነኝ።

አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝና ግዛው ዘንድ ሄድኩ።

«ለሚስቴ ሕልሟን ምን እያልክ ነው የምትፈታላት?»

«ኧረ መምህር! እኔ ምን አውቄ?» መላጊያውን እንኳ አላስቀመጠም። «በጎ ነው እላለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ስታወራ ስታወራ ራሷ ትደርስበታለች።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቃት?»

«እሱንማ እሷን ይጠይቋት።»

ጆሮዬ በንዴት ጋለ። በክርክር ቢረታኝ በስንት ጣዕሙ! ይሄ ሰው ሚስቴን የወሰደብኝ ዝም ብሎ በመስማት ነው።

በማግስቱ ገና ዓይኗን ስትገልጥ «በጎ ነው» አልኳት።

«ምን አልኩና?»

«ንገሪኝ። ቃል አልተነፍስም።»

ተጠራጥራ አየችኝና ጀመረች። ሀና ማርያም የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ ሚኒባሱ ግን የእናቷ ጓዳ ነው። የሞተችው እህቷ ወንበሩ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች።

«‹እንውረድ› ስላት ‹ቆይ፣ አልደረስንም› አለችኝ። ደግሞ እኮ አላዘንኩም። ምናልባት…»

ቁርጥራጩ ዓይኔ እያየ ይገጣጠም ጀመር። ፊቷ በራ። ስንት ዓመት ያላየሁት ፊት ነው! ለካ ግዛው በየጠዋቱ የሚያየው ይህን ነው።

«ግዛው አለበት?» አልኩ።

አቋረጠች። «የት?»

«ሚኒባሱ ውስጥ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «አልነበረም። አሁን ግን አስገባኸው።»

የቀረውን አልነገረችኝም። ጫማዋን ስታጠልቅ «ሕልም እኮ ትርጉም የለውም! ምን ያስቆጣሻል?» ብዬ ጮህኩ። ልትከራከረኝ እንኳ አልቆመችም።