የአባባ ጠመንጃና የእኔ ወስፌ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል ይሉኛል፤ ይበሉ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ታላቄ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምር «ምሁሩ» እንለዋለን። ታናሼ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ቶሎ ስለሚቀጣጠል ስሙ «ክብሪት» ሆኖ ቀርቷል። ሰላም የሚነሳኝ ደግሞ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአባባ ጠመንጃ ነበር።

አባባ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ በየሳምንቱ እየወለወለ «ወንድ ያደረገኝ ይኼ ነው» ይል ነበር። ክብሪት ይቺን ወሬ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባት።

ምሁሩ በበኩሉ ሰው በየአገሩ በጠመንጃ ለምን እንደሚገዳደል መጽሐፍ ይጽፋል። ባለፈው ቀበቶ ላስበሳ ብሎ መጥቶ እኔ ላይ ሰበከ። እኔ ሥራ ስጀምር አባባ እጀታ አግብቶ በሰጠኝ ወስፌ እየበሳሁ አዳመጥኩት።

«በአንዱ አገር ጠመንጃ የነፃነት ምልክት ነው። በሌላው ከጦርነት ተርፎ በየጓዳው ቀርቷል። በሌላው ደግሞ የተዋረደ ወንድ ካልተኮሰ ቀና ብሎ አይሄድም።»

«እኛ ቤትስ?»

«ሦስቱም አሉብን። ግራ የገባኝ ግን፣ በየቤቱ ጠመንጃ ተሰቅሎ ሰው የማይሞትበት አገርም አለ። እሱ ምዕራፍ ባዶውን ተቀምጧል።»

«አንተ ምዕራፍህን ሙላ፤ እኔ ጥይቱን ደብቄያለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው። ሰባቱንም ጥይት የሳሎኑ መጋረጃ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቻቸዋለሁ። መጋረጃውም ቀጥ ብሎ ወረደልኝ፣ እኔም እንቅልፌን ተኛሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሳሎን ቁጭ ብዬ ቀበቶ ስበሳ ክብሪት ከንፈሩ ደምቶ ገባ። የጋራዡ ሸሪኩ ፍሬኑን በደንብ አላሰርክም ብሎ ደንበኛ ፊት በጥፊ አጩሎታል። ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ።

«ጥይት የለውም! አርፈህ ተቀመጥ!»

ከኪሱ አንድ ጥይት አውጥቶ አሳየኝና አጎረሰው። መቼ እንደገዛ እንጃ።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። እናታችን ከጓዳ ብቅ አለች፤ አየችው። «አትታገዪው፤ ይሰብርሻል። ተከተዪው» አለችኝ። እናት እንዲህ ትላለች? አበደች አልኩ።

ሜትሬ አንገቴ ላይ፣ ወስፌዬ እጄ ላይ እንዳለ በነጠላ ጫማ ከኋላው ሮጥኩ። ጋራዡ ሁለት መታጠፊያ ነው። ስደርስ ሸሪኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ክብሪት አነጣጥሮበታል።

«ተው! በእናትህ ተው!»

ሳበው። ቀጭ አለ። አቀባብሎ ደገመው። ቀጭ።

ከዚያ በኋላ ጀርባው ላይ ተከመርኩበት፤ ሁለታችንም የፈሰሰ ዘይት ላይ ተንከባለልን። ክብሪት እጆቹን እያየ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ገድዬው ነበር እኮ፣ እታለም። ገድዬው ነበር!» ሸሪኩም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «ስመታው እጄን በሰበረው ኖሮ» አለ። እኔ ስንቴ ተመስገን እንዳልኩ አላውቅም፤ እያለቀስኩም እየሳቅሁም ነበር።

ክብሪትን ደግፌ፣ ጠመንጃውን በሽርጤ ጠቅልዬ ቤት ስገባ ምሁሩ ተደውሎለት ደርሷል።

«ጥይቱ ከሸፈ፣ እማዬ! አምላክ አወጣን!»

«አልከሸፈም» አለች እማዬ። «ጠመንጃው አይተኩስም።» ወደ ክብሪት ዞረች። «አንተ ጡት ሳትጥል አባትህ ከጎረቤት ተጣልቶ ይህንኑ አነጣጥሮ ነበር። ያን ጊዜ ጥይቱ ከሸፈ። ቤት ገብቶ ልክ እንዳንተ ሲያለቅስ ዋለ። በማግስቱ ፈታታውና ጥይቱን የሚመታውን ቀጭን ዘንግ በገዛ እጁ አወጣው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ፉከራ?» አልኳት።

«ፉከራው ማንን ገደለ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ክብሪት።

«ብነግርህ የሚተኩስ ትገዛ ነበር።»

ክብሪት አንገቱን ደፋ። ምሁሩ መነጽሩን አወለቀ። ያ ባዶ ምዕራፍ ትዝ እንዳለው ከፊቱ ያስታውቃል።

«ዘንጉስ የት ሄደ?» አለ።

እማዬ በአገጯ ወደ እጄ ጠቆመች። ወስፌውን እስካሁን እንደጨበጥኩት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ቀበቶ የበሳሁበት! አባባ ሞርዶ፣ እጀታ አግብቶ ሲሰጠኝ «ጠቃሚ ብረት ነው» ብቻ ነበር ያለኝ።

ክብሪት ከእጄ ወስዶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ መለሰልኝና ቀበቶውን ፈቶ አቀበለኝ።

«ስትታገዪኝ ቀዳዳውን ቀደሽዋል» አለ፣ አፍንጫውን እየሳበ። «በዪ ሌላ ብሺልኝ፤ ሱሪዬ እየወረደ ነው።»