ሳይራገፍ የመጣ ሽጉጥ

ላቮን በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት የቦሎቄውን ድስት ከምድጃው ልታወጣ ስትል መያዣ ጨርቅ አጣችና እጇን ወደ ቀሚሷ ኪስ ሰደደች። የወጣው የግራ ጓንቷ ብቻ ነበር። ኪሷን ገለበጠችው። ቀኙ የለም።

መጀመሪያ የጠፋባት መስሏት ተናደደች። የት እንዳለ ትዝ ያላት ቆይቶ ነው።

ላቮን የኢላማ ተኩስ ጨዋታ ትጫወታለች፤ ጥይት ደግሞ በጓንት አይጎረስም። ስለዚህ ተኩስ ሜዳው ላይ የማጉረሻው ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ቀኝ ጓንቷን ታወልቅና ዝናሯ ውስጥ ትሽጠዋለች። ተራዋ ደርሶ ተኩሳ ስትጨርስ ወደ ማራገፊያው ጠረጴዛ ትሄዳለች፤ ቀለሁን አራግፋ፣ ባዶውን ሽጉጥ ለተቆጣጣሪው አሳይታ፣ «ባዶ ነው» ስትባል ብቻ ጓንቱን ከዝናሩ ታወጣለች፤ የግራውንም ታወልቅና ሁለቱን አንድ ላይ ኪሷ ትከታለች። ሽጉጡን ከገዛች ጀምሮ ከዚህ ዝንፍ ብላ አታውቅም። ቀኙ ኪሷ ውስጥ ከሌለ ዝናሩ ላይ ነው ማለት ነው። ዝናሩ ላይ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማራገፊያው ጠረጴዛ ጋ አልደረሰችም።

አልደረሰችም! የመጨረሻው ዙር ነበር። አጉርሳ፣ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ አስገብታ ተራዋን ስትጠብቅ ሰማዩ ተሰነጠቀ። በደቡብ አሪዞና የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። የማጉረሻውን ጠረጴዛ የሚቆጣጠረው ሽማግሌ፣ ሁሉም ኮሎኔል ብስኩት የሚሉት፣ «ወደ መኪና! መብረቁ ይጨርሰናል፣ ወደ መኪና!» ብሎ ጮኸ። በረዶው ባርኔጣዋን እየቀጠቀጠው ሮጠች። መኪናው ውስጥ ዝናሩን ፈትታ ከኋላ ወረወረችው፤ የባሏን የኦርቪልን የረጠበ ጢም እያየች ስትስቅበት መጡ። እቤት ስትደርስ ዝናሩን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አንጠለጠለችው። ለቤተ ክርስቲያኑ እራት ስለዘገየች ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

ወንበሩ ላይ ያንጠለጠለችው ደግሞ ለልጇ ለዴሊያ ብላ ነው።

ዴሊያ ሽጉጡን እንድታውሳት ጠዋት ለምናት ነበር። የሴኒያ የምትባለው ጓደኛዋ ፎቶ አንሺነት ጀምራለች፤ የድሮ ዘመን ሴት ሽፍታ አድርጋ ልታነሳት ፈልጋለች። «ባዶ ነው አይደል፣ እማ?» ብላ ጠየቀቻት። ላቮንም፣ ያቺ ልጇ መኪና ስታስነሳ በመስኮት ቆማ የምትጸልየዋ ላቮን፣ «ከሜዳው የጎረሰ ሽጉጥ ወጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው» አለቻት። በራሷ አፍ።

ድስቱን እዚያው ትታ ስልኳን አነሳች። ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም አያነሳም። እንደገና ደወለች። የዴሊያ ሳቅ የተቀዳበት መልእክት ብቻ መጣ፤ «እኔ የለሁም፤ እማዬ ከሆንሽ ግን በሕይወት አለሁ።»

ኦርቪል አዳራሹ ውስጥ ሳህኑን ሞልቶ ከሰዎች ጋር ይሳሳቃል። ክንዱን ያዘችው።

«ተነስ። ወደ ቤት።»

«ምን ሆነ ደግሞ? ምድጃውን ሳላጠፋ መጣሁ እንዳትይኝ ብቻ።»

«ሽጉጤ ጎርሷል። ሳላራግፍ ነው የመጣሁት። ልጆቹ ጋ ነው።»

ኦርቪል ሠላሳ ዓመት ሲያሾፍባት ኖሯል። «አንቺ ዓለምን የምታይው በሬሳ ሣጥን ሻጭ ዓይን ነው» ይላት ነበር። አሁን ግን ፊቷን አየና ሹካውን አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሲሮጥ ላቮን ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። እየደወለች፣ እየደወለች። አእምሮዋ ሥራውን ጀምሯል። ዴሊያ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ። ወይም የሴኒያ። የየሴኒያ እናት በሩን ስታንኳኳ። ላቮን የሚመጣውን ክፉ ነገር አስቀድሞ ማየት ታውቅበታለች፤ በሕይወቷ ሙሉ የሠራችው እሱን ነው፤ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ፣ ጋዝ ሲያፈስ፣ እባብ ጫማ ውስጥ ተጠቅልሎ። ይኼን ግን አላየችውም። በምታያቸው ክፉ ነገሮች ሁሉ ውስጥ ጥፋቱን የሚሠራው ሌላ ሰው ነበር።

ሽጉጡንም የወደደችው ጥንቃቄን ስለሚያስገድድ ነበር እኮ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ኦርቪልን ተከትላ መሣሪያ መሸጫው ሄደች። ሻጩ ያንን የድሮ ዓይነት ስድስት ጎራሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ያዢው እንጂ፣ እመቤት፤ ሳይበላ አይነክስም» አላት። ያዘችው። ከብዷት ነበር። ሻጩ መምቻውን በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ስትስብ ድምፁን እንድታደምጥ ነገራት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። በየተኩሱ መምቻውን በእጅ ካልሳቡት አይተኩስም። ቀስ ያለ ነገር ነው፤ አስቦ ለሚሠራ ሰው የተሠራ። ያን ቀን ትታው ወጣች፤ ሌሊቱን ሌባ ሰርቆት ሰው ሲገድልበት በሕልሟ አየች። ከሳምንታት በኋላ ግን ለኦርቪል ሳትነግረው ተመልሳ ሄዳ ገዛችው።

ሜዳው ላይ ያገኘቻቸው ሰዎች ደግሞ ከሷ የባሱ ፈሪዎች ሆኑባት። በካርቶንና በሳንቃ የድሮ ባንክና መጠጥ ቤት ሠርተው፣ የድሮ ልብስ ለብሰው ይጫወታሉ እንጂ ሕጋቸው እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ስድስት ቀዳዳ ባለው ሽጉጥ አምስት ጥይት ብቻ ይጎረሳል፤ በመምቻው ሥር ያለው ቀዳዳ ባዶ መሆን አለበት፤ ምናልባት ከወደቀ፣ ምናልባት ከተመታ። ምናልባት! ላቮን ይህችን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ እንደ ዘመድ ሆነችላት። በሜዳው ሁሉም እንደ ፈረስ ስም ያለ የጨዋታ ስም ይኖረዋል፤ ለሷ ኦርቪል ያወጣላት «ወይዘሮ ወየው» ሆነ። የማስጀመሪያው ሰዓት ሲጮህ መምቻውን ትስባለች፣ ትተኩሳለች፤ ብረቱ ኢላማ ቃ! ይላል፣ ቃ! ይላል። በእነዚያ አምስት ጥይቶች መሃል ጎማ የለም፣ ጋዝ የለም፣ እባብ የለም። ጨርሳ ስትዞር እንደ ሕፃን ትስቃለች። ዴሊያ አንድ ጊዜ መጥታ አይታት፣ «ይህቺ ማናት? እናቴን የት አደረሳችኋት?» ብላ ሰዎቹን አሳቀቻቸው።

መኪናው በድንገት ቆመ።

ከቤታቸው በፊት ያለው ደረቅ ወንዝ ሞልቷል። ቡናማ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ግንድና ሽቦ እየተሸከመ ይጋልባል። ቤቱ ማዶ ይታያል፤ ጣሪያው፣ የውሃው ጋን፣ የበረንዳው መብራት።

«ግባ» አለችው።

«ላቮን።»

«ግባ አልኩህ!»

«ይወስደናል። አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ውሃ ካየሁ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ ስትይ የኖርሽው? ትንሽ እንጠብቅ፣ ይጎድላል።»

እሷ ግን በሩን ከፍታ ወርዳለች። ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ የመስኖው ቧንቧ ወንዙን የሚሻገርበት የብረት መረማመጃ አለ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ ድጋፉ የዛገ። ኦርቪል ከኋላዋ ስሟን እየጠራ ሮጠ። መረማመጃው የሱን ክብደት እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። ረጅሙን ቀሚሷን ሰብስባ በጥርሷ ያዘችው፤ ድጋፉን በሁለት እጇ ጨብጣ ገባችበት። ውሃው ከጫማዋ ሥር ነው። ብረቱ እንደ ሰው ይንቀጠቀጣል። አልጸለየችም፤ ለመጸለይ ጊዜ አልነበራትም። «ሙዚቃ አሰማኝ» ብቻ አለች፤ ሙዚቃ ካለ ሰው አለ።

ማዶ ወጥታ ስትሮጥ ሰማችው። ከጓሮ ሙዚቃ ይሰማል። ሳቅም ይሰማል።

በቤቱ ጥግ ዞረች።

ከዝናብ በኋላ የወጣው ፀሐይ ጓሮውን አቅልሞታል። የሴኒያ ካሜራዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ጭቃው ላይ ተንበርክካለች። ዴሊያ በበረንዳው ደረጃ ላይ ቆማለች፤ ዝናሩ ወገቧ ላይ፣ ቀኙ ጓንት ዝናሩ ውስጥ እንደተሻጠ። ሽጉጡን ሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ በቀጥታ ወደ ካሜራው ዘርግታዋለች። መምቻው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል። ጣቷ ምላጩ ላይ ነው።

«ትንሽ ቆጣ በይ» ትላለች የሴኒያ። «ላምሽን የሰረቀው ሰውዬ እኔ ነኝ ብለሽ አስቢ።»

የላቮን ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ቆመ። ብትጮህ ልጅቷ ትደነግጣለች፤ ብትደነግጥ ጣቷ ይጨመደዳል። ዋጠችው። ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ በደረጃው በኩል፣ በቀስታ ተራመደች።

«ዴሊያ» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ጣትሽን ከምላጩ አውጪ።»

«እማ! ፎቶው ውስጥ ገባሽብን እኮ! ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የራስሽው?»

«ጣትሽን አውጪ፣ የኔ ልጅ። አሁን።»

«ኧረ ወይዘሮ ወየው መጣች!» አለች ዴሊያ ሳትንቀሳቀስ፤ ወደ ጓደኛዋም ሳቀች። «ባዶ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ተሳስቻለሁ።»

ዴሊያ እናቷን እንዲህ ስትል ሰምታት አታውቅም። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ እንጂ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ላቮን ደረሰች። የልጇን አንጓ ከሥር ያዘች፤ አፈሙዙን ከየሴኒያ ላይ አንስታ ወደ ጎን፣ ወደ ጓሮው የአፈር ክምር አዞረችው። ከዚያ የልጇን ጣት በራሷ ጣት ፈልቅቃ አወጣች። ሽጉጡ እጇ ላይ ቀረ።

«እማ፣ እንግዲህ አታካብጂው። ባዶ ሊሆን ይችላል እኮ፣ አንቺ ሁልጊዜ...»

የተሳበውን መምቻ በረጠበ እጇ ቀስ አድርጋ መመለስ አደገኛ ነበር፤ ታውቀዋለች። «ጆሯችሁን ያዙ» አለች፤ የረጠበውን የአፈር ክምር መሃል አልማ ምላጩን ሳበች።

ድምፁ ቤቱን መታው። ጭቃው ተፈናጠረ። የሴኒያ ካሜራዋን ጣለች፤ ወዲያው ደረቷን፣ ሆዷን፣ አንገቷን በመዳፏ ትዳብስ ጀመር፣ የተመታች ይመስል። ዴሊያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከወንዙ ማዶ ኦርቪል የሚያሰማው ጩኸት መጣ። ቃል አልነበረውም። ተኩሱን ሰምቷል፤ ምን እንደሆነ ግን አያይም።

«ስልክ! ስልኬን!» አለች ላቮን፤ እጇ ግን ሽጉጡን ለመልቀቅ እምቢ አላት። ዴሊያ ከእናቷ ኪስ ስልኩን አወጣች።

«አባ... አባዬ፣ ደህና ነን። ሁላችንም። አትግባ ውሃው ውስጥ! ደህና ነን እኮ ነው የምልህ!» ብላ ነገረችውና ማልቀስ ጀመረች።

ላቮን በሽጉጡ ጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፍታ የጥይት ቤቱን እያዞረች ቀለሁንና የቀሩትን አራት ጥይቶች አንድ በአንድ አወጣች። ጭቃው ላይ ወደቁ። ማንም አላነሳቸውም።

ኦርቪል ውሃው ሲጎድል መጣ፤ ልጁን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። የሴኒያን እናቷ መጥታ ወሰደቻት፤ ላቮን ራሷ ወጥታ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻት። ሴትዮዋ ልጇን መኪና ውስጥ አስገብታ ቀበቶዋን እንደ ሕፃን አሰረችላትና ሄደች። ላቮን ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ለኮሎኔል ብስኩትም ደወለችለት።

«ሳላራግፍ ወጥቻለሁ።»

«ጠረጴዛው የኔ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ሩጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ሌላስ ማን ሳያራግፍ እንደሄደ አሁን ለያንዳንዱ መደወል አለብኝ። ደህና ናችሁ ግን?»

«ደህና ነን።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ፣ ወይዘሮ ወየው። ለጊዜው ሜዳው ላይ አትቆሚም።»

«አውቃለሁ። ይገባኛል።»

ስልኩን ስትዘጋ ኦርቪል ሽጉጡ ካለበት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ነገ ወስጄ ልሽጠው?» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍ።

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ያ ብረት ቃ! ሲል የሚሰማት ነገር ግን አሁንም ውስጧ አለ፤ ያንን መፈለጓ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስፈራት። «አላውቅም» አለች። «ዛሬ አትጠይቀኝ።»

ዴሊያ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ዓይኗ አብጧል፤ የእናቷን ሹራብ ለብሳለች። ወንበር ስባ ከሽጉጡ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አሳዪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ባዶ መሆኑን። በቃል አልፈልግም።»

ላቮን ለመቆጣት መብት እንደሌላት ገባት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሿን በር ከፈተች፤ የጥይት ቤቱን አዞረች። በየቀዳዳው የወጥ ቤቱ መብራት አለፈ። «እዪው» አለች። ዴሊያ በራሷ ጣት እንደገና አዞረችው፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነካች። ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ጀመረች። እናትና ልጅ እንዲህ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ፤ ኦርቪል መሃላቸው አልገባም።

«ሌሊት ብነሳ ደግሜ አየዋለሁ» አለች ዴሊያ።

«እኔም ያው ነኝ።»

«እንግዲያውስ ሁለታችንም አንተኛም።» ከሳቅ የሚቆጠር ባይሆንም በአፍንጫዋ እፍ አለች።

ላቮን ሽጉጡን ተሸክማ ወደ ኮሪደሩ ሄደች፤ ዴሊያ ከኋላዋ እግር በእግር። ሽጉጡ የሚቆለፍበትን የብረት ሣጥን ከፍታ ላዩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። በሩን ገፋችው። ቁልፉን ልታዞር ስትል የልጇ እጅ በእጇ ላይ አረፈ።

«እኔ ልዝጋው፣ እማ።»

ላቮን እጇን አወጣች። ዴሊያ ቁልፉን እስኪቆም ድረስ አዞረችው፤ እጀታውን ሳበችው፣ እንደገና ሳበችው። አልተከፈተም።