የወይዘሮ የሻሽወርቅ ረጅም ጸሎት

ጸሎት ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ የከበረች፥ ከፈጣሪው ጋር የምታነጋግረው፥ ከጭንቀት የምታሳርፈው፥ ከኃጢአት የምትመልሰው መሆኗን እምነት ያለው ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ሰው እንዲህ ያለ ፍጥረት ነውና፥ ከእግዚአብሔር መሸሸግ ባማረው ጊዜ ዱርና ገደል ሳያስፈልገው በዚያችው በጸሎቱ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል። መጽሐፉን ይዘረጋል፥ ነጠላውን ያጣፋል፥ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ማን ደፍሮ ይጠራዋል? ድኻ ከደጅ ቢጮኽ «በጸሎት ላይ ናቸው» ይባላል፤ ጎረቤት ታመመ ተብሎ ቢላክበት «ይጨርሱ፥ አታቋርጧቸው» ይባላል፤ እርሱም ይህን በአንድ ጆሮው እየሰማ፥ የሚያነበውን ልብ ባይለውም ማንበቡን አይተውም። ይህን የምጽፈው በጸሎት ለመዘባበት አይደለም፥ ከዚያስ ይሰውረኝ! እኔም ራሴ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁ እርሱ ባለቤቱ ያውቃል። የምጽፈው በጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ የሆነው ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ ስላስቸገረኝ ነው።

በዚያ አጥቢያ ወይዘሮ የሻሽወርቅ የምትባል፥ በዘሯ የተከበረች፥ በምግባሯ የተመሰገነች፥ ጾምና ስግደት ያደከማት ባልቴት ነበረች። የአለቃ ልጅ በመሆኗ፥ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ባልተለመደ አኳኋን፥ ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ዳዊት ደግማለች፤ ባሏም በጕልማስነቱ ሞቶባት መርዕድ ከሚባል አንድ ልጅ በቀር ሌላ አልቀረላትም። ይህ መርዕድ ሃያ ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ ከአገረ ገዢው በረት ሁለት በሬዎች ጠፉ፤ ባሻ ጎሽሜ የተባለ፥ መሬቱ ከመሬታቸው ጋር የሚዋሰን፥ ስለ ድንበር ክፉ ቃል የተለዋወጣቸው ጎረቤት፥ በዳኛ ፊት ቆሞ፥ እጁን በወንጌል ላይ ጭኖ፥ «በሬዎቹን ሲነዳ ያየሁት መርዕድን ነው» ብሎ ማለ። ያየውስ በማታ ብርሃን የአንድ ሰው ጀርባ ነበር፤ ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ቂሙ ግን አወቀለት። መርዕድ እግር ብረት ገባ፥ በሦስተኛው ወር ተስቦ ይዞት እዚያው ሞተ። ሁለት ዓመት ቈይቶ እውነተኛው ሌባ በሞት አልጋ ላይ ሳለ ነገሩን አውጥቶ ተናገረ፤ አገር ሁሉ ሰማ፥ ባሻ ጎሽሜም «በማታ ብርሃን ተሳስቼ ነው» ብሎ አለፈው፤ ለእናትዮዋ ግን ምን ይጠቅማታል?

ልጇ ከተቀበረ ጀምሮ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ማንም ያላወቀባትን አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ጧትና ማታ አባታችን ሆይን ስትጸልይ፥ የዕለት እንጀራ ከሚለመንበት ትደርስና፥ የበደለንን ይቅር ስለ ማለት የሚናገረውን ቃል ዘልላ፥ ከፈተና ስለ መዳን ወደሚናገረው ታልፋለች። «ይቅር ሳልል ይቅር እላለሁ ብዬ በፊቱ ከምዋሽ ዝም ብል ይሻለኛል» ትል ነበር ለራሷ። እውነቱን እንነጋገርና፥ በዚህስ ከብዙዎቻችን ይልቅ እርስዋ ታማኝ ነበረች፤ እኛ ሳንዘልል ጥርግ አድርገን እንለዋለን፥ ቂማችንም ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። ያም ሆነ ይህ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየዘለለች ኖረች፤ ሰውም ሁሉ ጸሎተኛ እያለ ያከብራት ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ባሻ ጎሽሜን ደረቱን የሚያፍን ሳል ያዘው፤ አጥንቱ ወጣ፥ ጕልበቱ ከዳው፥ እንደማይከርምም ገባው። ያን ጊዜ ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ መሞት። ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ልሳነወርቅ ሄዶ፥ ሰባት ዓመት በሆዱ ያመቀውን የሐሰት መሐላ አፈሰሰው። መምሬ ልሳነወርቅ ልበ ርኅሩኅ፥ በሥርዓት ግን ጽኑ የሆኑ ካህን ናቸውና አልቅሰው ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ ሳትታረቅ ብትቀበል ለነፍስህ እሳት ይሆንብሃል። በሐሰት የማልህበት ልጅ እናት በሕይወት አለች፤ አስቀድመህ ወደ እርስዋ ሂድ። ይቅር ካለችህ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት በገዛ እጄ አቀብልሃለሁ» አሉት። ጾሙ ሊፈታ የቀረው ሁለት ቀን ነበር።

በዚያ አገር ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ፥ ከባድ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በተበደለው ሰው ደጅ ይንበረከካል፤ ሽማግሌዎችና ካህን አብረውት ይቆማሉ፤ የተበደለው ወጥቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካላለ በቀር ድንጋዩ ከማጅራቱ አይወርድም። ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን ከጧቱ በሁለት ሰዓት፥ ካፊያ እየወረደ፥ ባሻ ጎሽሜ መምሬ ልሳነወርቅንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሎ፥ በየመንገዱ እያረፈ፥ ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ደጅ ደረሰ፤ ድንጋዩን በማጅራቱ አስደረገ፥ በጭቃውም ላይ ተንበረከከ። «እመይቴ የሻሽወርቅ!» አለ፥ ሳሉ እያቋረጠው፤ «እኔ ጎሽሜ ነኝ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ፥ እጄን በወንጌል ላይ ጭኜ፥ ልጅዎን የገደልሁት እኔ ነኝ። የምለው ምክንያት የለኝም። ስለ ወላዲተ አምላክ ብለው ይማሩኝ።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ በዚያች ሰዓት ዳዊቷን ገና መግለጧ ነበር። ድምፁን ለየችው፤ ቃሉን አንድ በአንድ ሰማችው፤ ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። ወደ ደጅ በመውጣት ፈንታ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ይቅር አልልም ማለቷም አልነበረም፤ ይህን ልብ በል፥ አንባቢ! «እለዋለሁ» አለች በልቧ፥ «መቼም ክርስቲያን ነኝ፥ እለዋለሁ። ግን ዳዊቴን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ ስጨርስ ነው። እስከዚያው ይቅመሳት።» በሌላ ቀን የዕለቱን ድርሻ ብቻ ደግማ ትነሣ ነበር፤ ያን ቀን መቶ ሃምሳውንም ልትደግም ተነሣች። ወይ የሰው ልብ! ቂሟን ነጠላ አልብሳ ከእግዚአብሔር ፊት አቆመችው።

ከደጅ ያሉት ጠበቁ። መምሬ ልሳነወርቅ ወደ በሩ ቀርበው አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከውስጥ የሚሰማው የንባብ ድምፅ ይብስ ከፍ አለ። በጸሎት ላይ ያለን ሰው ማናገር ነውር ነውና ተመለሱ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለትም አለፈ፤ ካፊያው ዝናም ሆነ፤ የበሽተኛው ጋቢ ከገላው ጋር ተጣበቀ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው «እኚህ ሴትዮ ምነው ዛሬስ?» ብሎ አጕረመረመ፤ ሌላው «ዝም በል፥ በጸሎት አይፈረድም» አለው። መምሬ ልሳነወርቅ ከባሻ ጎሽሜ ጎን ቁጢጥ ብለው፥ «ልጄ፥ እስክትወጣ ድንጋዩን ከጎንህ አኑረው። እግዚአብሔር ሕመምህን ያያል» ሲሉት፥ ፊቱን ከጭቃው ቀና ሳያደርግ፥ «የለም፥ አባ፤ ልጇ ሦስት ወር እግር ብረቱን ሳያወርድ ነው የሞተው። እኔ አንድ ጧት ያቅተኛል?» አላቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ሳሉ ግን ይሰማ ነበር፤ ለእርስዋም ይሰማት ነበር።

መቼም የእግዚአብሔር ቃል እየተነበበ ሥራውን ሳይሠራ አይቀርምና፥ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በብስጭት የጀመረችው ንባብ እየገፋ ሲሄድ ብስጭቷን አሟጠጠባት። ከመቶኛው መዝሙር ካለፈች በኋላ ድምፅዋ ዝግ አለ፤ ስለ ራሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ቀጥሎ ስለ ልጇ አለቀሰች፤ በመጨረሻም፥ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው፥ በዝናም ውስጥ ስለሚያስለው ሰው አለቀሰች። ዳዊቱን ዘግታ አባታችን ሆይን ስትጸልይ፥ ሰባት ዓመት ከምትዘለው ቃል ደረሰች፤ አልዘለለችውም። አንድ በአንድ፥ እንደ ሕፃን እየተኮላተፈች አለችው፤ ከልቧም አለችው። በዚያች ቅጽበት ብድግ ብላ ወጥታ ቢሆን፥ ይህን ሁሉ ነገር ምን ያስጽፈኝ ነበር! ነገር ግን ከጸሎቷ መዝጊያ ገና አርባ አንድ እግዚኦታ ከነስግደቱ ቀርቷት ነበር፤ ሳይፈጽሙት መነሣት ድፍረት ነው ብላ አባቷ ከልጅነቷ አስተምረዋታል። «ትንሽ ናት፥ ፈጽሜ በሙሉ ልብ እወጣለሁ» አለች፤ ሰገደችም። ሃያ ስድስተኛው ላይ ከደጅ ትርምስ ሰማች፤ የመምሬ ልሳነወርቅም ድምፅ «ባሻ! ባሻ!» ሲል ሰማች። ዐሥራ አምስት ቀርቷታል። ፈጠን ፈጠን አድርጋ ሰገደች፤ አንዲቱንም አላጐደለችም፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ «ማረን» አለች፥ ምሕረት የሚጠብቀውን ሰው በደጅ አስቀምጣ።

በሩን ከፍታ ስትወጣ ሰዓቱ ስድስት አልፎ ነበር። ባሻ ጎሽሜ በግንባሩ ተደፍቶ፥ ድንጋዩ እንደተጫነው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በሁለት ወገን እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፥ ቃሉ ሳይባል ለማንሣትም ፈርተዋል። «ይቅር ለእግዚአብሔር!» አለች እየሮጠች፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ለእግዚአብሔር!» ያን ጊዜ ድንጋዩን አነሡት። መምሬ ልሳነወርቅ ሰውየውን በጀርባው አስተኝተው፥ የዓይኑን ቆብ በእጃቸው ከደኑ።

«አባ፥ ሰምቶኛል?» አለቻቸው፥ ከጭቃው ላይ ወድቃ እግራቸውን ይዛ። «ልቤ ይቅር ካለው ቈይቷል፥ አባ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ የቀረኝ ስግደቱ ብቻ ነበር። ንገሩኝ፥ ሰምቶኛል?»

ካህኑ ሊያጽናኗት ቢወዱ ኖሮ ሰምቶሻል ማለት ይችሉ ነበር፤ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ነገር ግን የሐሰት ምስክርነት ያደረሰውን ሁሉ በዚያች ጧት ሲያዩ ውለዋልና አልቻሉም። «አልሰማም፥ ልጄ» አሏት። «አንቺ ከመውጣትሽ በፊት ነው ያረፈው። መጨረሻ ላይ ደጋግሞ፥ ወጣች ወይ? ይለኝ ነበር።»

በማግስቱ ባሻ ጎሽሜ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ፤ ቍርባኑን ግን አላገኘም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ከዋለች በኋላ፥ ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ሚስቱ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ሄዳ፥ ልትንበረከክ ጕልበቷን ስታጥፍ፥ ያቺ ሴት ክንዷን ይዛ ከለከለቻት። «ተዪ፥ አትንበርከኪ» አለቻት፤ «ይቅር ብዬሻለሁ። ገና ከቤትሽ ሳትወጪ ነው ይቅር ያልሁሽ። እኔስ ነገ ማን እንደሚሞት አላውቅም፥ ስለዚህ አላቈይም።» ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር፤ እርግማንም ቢሆን ይገባኛል ብላ ትቀበለው ነበር። ይህን ግን መቻል አቃታት፤ በመቃብሩ አፈር ላይ እንደ ተቀመጠች ጀምበር ዘቀዘቀች፤ ሰዎች ደግፈው ወደ ቤቷ ወሰዷት።

መምሬ ልሳነወርቅ ቀኖና ሰጧት፥ ፈጸመችው፤ ንስሐዋንም ተቀብለው ፈቷት። ኅሊናዋ ግን አልፈታትም፤ የዚያ ጧት የመጀመሪያዋ ሰዓት የቂም፥ የመጨረሻዋ ሰዓት የጸሎት ነበረች፤ ሰውየውን የትኛዋ እንደ ገደለችው ለመለየት ስትደክም ኖረች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በሕይወት ቈየች፤ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አንድ መዝሙር እንኳ ከፍጻሜው አላደረሰችም። ዳዊቷን ገልጣ ተቀምጣ ሳለ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ የሰማች እንደሆነ፥ ለማኝም ይሁን ጨው ነጋዴ፥ መንገድ የጠፋበት እንግዳም ይሁን፥ መጽሐፉን ጥላ፥ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ፥ በባዶ እግሯ እየሮጠች ትወጣለች፤ የመጣውም ማን እንደሆነ፥ ምን እንደፈለገም ሳትጠይቅ «ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ብያለሁ!» ትለዋለች። የማያውቋት ይስቁ ነበር፤ የሚያውቋት ግን አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር። በእግዚአብሔር ዘንድ ያለች ምሕረት ለዘለዓለም ትኖራለች፤ ለሰው በአደራ የተሰጠች ምሕረት ግን ከሰዓቷ አልፋ አንዲት ቅጽበት አትዘልቅም።