ኮሌታ ላይ የቀረው መጨረሻ

እህቷ «እትዬ» ትላታለች። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት «ተማሪዋ» በሚለው ስም ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንኳ አልለቀቃትም። በምን በኩል ይልቀቃት? ከእህቷ ጋር በምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ የምስክር ወረቀት ተደርድሯል፦ የታይፕ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የዋና፣ የቧንቧ ጥገና፣ የንብ እርባታ፣ ሌላም ሌላም። ንብ የሚባል ነገር የላትም። ዋናውም ቢሆን እግሯ መሬት እስከሚነካበት ድረስ ብቻ ነው። ግን መማር ነፍሷ ነው፤ ምን ይደረግ።

ያስቸገራት አሥራ ሁለተኛው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለጎልማሶች የልብ ወለድ አጻጻፍ ያስተምራል፤ ስትመዘገብ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ። ሕጉ አንድ ነው፦ ድርሰቱን ከነመጨረሻው ይዞ ያልመጣ ምስክር ወረቀት አያገኝም። ሁለቱን ዓመት መጨረሻው አልመጣ ብሏት እጇን አጣጥፋ ተመልሳለች። ዘንድሮ ግን መጣላት። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ በሰው ፊት ታነበዋለች።

ታዲያ ደብተር ላይ መጻፍ አይሆንላትም። ነጭ ገጽ ስታይ እጇ ይተሳሰራል። ቃሉ የሚመጣላት ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ልኩ በሚነደፍበት በሰፊው ቡናማ ወረቀት ላይ ነው። ካውያው እስኪግል ሁለት መስመር፣ ደንበኛዋ መጋረጃው ውስጥ ለክታ እስክትወጣ ሦስት መስመር። ምዕራፉ ሲያልቅ ወረቀቱን ጠቅልላ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ታቆመዋለች፤ ጊዜ ስታገኝ ደግሞ ታይፕ ታደርገዋለች። አሁን ታይፕ ያልተደረገው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው።

እህቷ ቆራጭ ናት። በዕድሜ አራት ዓመት ታንሳለች፤ በቁም ነገር ግን የትየለሌ ትበልጣለች። የመጽሐፍ ወሬ ሲነሳ «እኔን ገና ስገልጠው ነው እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ የሚለው» ትላለች። እትዬ ትምህርት በሄደች ቁጥር ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዋ እጇን ከመኪናው ጀርባ ብትሰድ ባዶ ግድግዳ ነካች።

«አንቺ፣ እዚህ የነበረው ጥቅል የታለ?»

«የቱ ጥቅል?»

«ቡናማው ነዋ!»

«ሁሉም ቡናማ አይደል እንዴ እትዬ? ትናንት የሆቴሉን ደንብ ልብስ ስነድፍ ወረቀት አለቀብኝና...» ቆራጯ ንግግሯን አልጨረሰችም። ዓይኗ ንድፎቹ ወደተንጠለጠሉበት ምስማር ሄደ። ሄዳ አንዱን ገለበጠችው። ጀርባው በጽሑፍ ጢም ብሎ ሞልቷል።

«ወይኔ ጉዴ! ያልተጻፈበት ጎን ነበር እኮ ወደ ላይ የዞረው!»

ቁርጥራጩን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይገጣጥሙ ጀመር። ታሪኩ አንድ መስመር ላይ ሃያ ዓመት ስለነዳች የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሾፌሯ ግራ እጅጌ ላይ ከመናኸሪያ ወጣች፤ ቀኝ እጅጌ ላይ ከተቆጣጣሪው ጋር ተጣላች፤ ኪስ ላይ አለቀሰች። ጀርባው ላይ የመጨረሻው ፌርማታ ታያት። ከዚያ በኋላ ያለው ኮሌታው ላይ ነው። ኮሌታው ደግሞ የለም።

«ሆቴሎቹ ማታ ደውለው ያለ ኮሌታ ይሁን አሉኝ» አለች ቆራጯ። «ጣልኩት። ቆሻሻውም ጠዋት ተወሰደ።»

ተማሪዋ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ያንን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ነበር የጻፈችው፤ እንዲያውም የሰው ሱሪ ልታቃጥል ምንም አልቀራትም ነበር። አሁን አንድም ቃል ትዝ አልላት አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነገር በአንድ ኮሌታ ሊቀር ነው።

ቆራጯ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ቆመች። ከዚያ ወለሉን እያየች፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ጀመረች።

«ሾፌሯ የመጨረሻውን ፌርማታ አለፈች። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪውን ወደ ግራ አዞረች። መንገዱ የማን እንደሆነ ማንንም አልጠየቀችም...»

ተማሪዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እንዴት አወቅሽው?»

«አንቺ ትምህርት ስትሄጂ ሱቁ ጭር ይላል። ምን ልሥራ? ጥቅሉን እየፈታሁ አነባለሁ። ይኼኛውን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«እንቅልፍ ይወስደኛል ትዪ የለ?»

«ያንቺ አይወስደኝም» አለች በቁጣ። «ይልቅ ጻፊ! ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ቆራጯ ስትል ተማሪዋ ታይፕ ስታደርግ እስከ መጨረሻው ወረዱ።

«...መስታወቱ ውስጥ ከተማው እያነሰ ሄደ። ሾፌሯ ግን ከከተማው ከመውጣቷ በፊት ከእህቷ ቤት ደጃፍ ቆማ ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርጋ ነበር። የአውቶቡሱን በር ከፍታ፣ ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ አለቻት።»

የተማሪዋ ጣቶች ቆሙ። «ይኼን እኔ አልጻፍኩትም። ሾፌሯ እህትም የላትም።»

«አውቃለሁ» አለች ቆራጯ። «ያንቺው መጨረሻ ጠበበኝ፤ ትንሽ ለቀቅ አደረግኩት።» ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር። «በሄድሽ ቁጥር እኔ እዚህ ነኝ እትዬ። አሥራ አንዱን ወረቀት ስትቀበዪ አንዱንም አላየሁም። እንደ ሾፌሯ አንድ ቀን ሄደሽ የምትቀሪ ይመስለኛል። ካልፈለግሽው አጥፊው።»

ተማሪዋ ብዙ አላሰበችም። አላጠፋችውም።

«ዛሬ ትመጫለሽ» አለች።

«ሱቁስ?»

«ይዘጋል።»

«አንቺ ቅደሚ። የሆቴሉን ልብስ አስረክቤ እደርሳለሁ።»

አሥር ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ላይ የተማሪዋ ቦርሳ ተቀምጧል። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሊቀመጡበት ሲሉ «ተይዟል አባባ» ብላ መለሰቻቸው። አንዲት ሴትዮም ጠየቀቻት፤ እሷንም መለሰቻት። በመጨረሻ መምህሩ ጠራት። ወጥታ ወረቀቷን ዘረጋች፣ መነጽሯን አደረገች፣ በሩን አየች።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ቆራጯ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ ነው የመጣችው። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ደነገጠችና ወደ ኋላ ልትመለስ አለች።

«ነይ!» አለች ተማሪዋ ከመድረኩ ላይ፣ አዳራሹ በሙሉ እስኪሰማ። «ቦታ ይዤልሻለሁ።»

ሁለቱ ሴቶች ምን እንዳሳቃቸው ያኔ ማንም አልገባውም። የገባቸው የመጨረሻው ገጽ ሲነበብ ነው።