የረጅሙ መከለያ ሳምንት

የመከለያ ነጋዴው ሰኞ ጠዋት ናሙናዎቹን አስጭኖ ሲገባ የአዳራሹን ወለል ወልውዬ ገና አልደረቀም ነበር። ረግጦት አለፈ። አልተናደድኩም። ዓይኔ ያለው ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጄ እዚያ ተቀምጣ ስልክ ታነጋግራለች። ራሷ ቀጥ ብሎ ይታየኛል፤ ደህና ናት።

በዚያ አዳራሽ አሥራ ሁለት ሰዎች ውሃ የጠፋበትንና ቧንቧ የፈነዳበትን ደንበኛ ስልክ ይቀበላሉ። በመካከላቸው ምንም ግርዶሽ አልነበረም። ችግር የሆነው «ሬዲዮ» የሚሉት አንድ ጎልማሳ ነው። ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሰማ የሌሎቹ ደንበኞች ሁሉ እሱን ያዳምጣሉ። አንዲት ሴትዮ ልጄን «የኔ እህት፣ አንቺ ተይውና ያንን ከኋላሽ የሚያወራውን አቅርቢልኝ፤ እሱ ነገሩ የገባው ይመስላል» ብላታለች ተብሎ ስንት ቀን ተሳቀ። በመጨረሻ አለቃው ጠረጴዛዎቹ በመከለያ ይለያዩ ብሎ ወሰነ።

ነጋዴው ሦስቱን ናሙናዎች ግድግዳ አስደግፎ አቆማቸው። አንደኛው ግራጫ ጨርቅ የለበሰ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ያው ነው፤ ከላይ ግን መስታወት አለው። ሦስተኛው እኔን በቁመት ይበልጠኛል። ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ ስለሆነ ነጋዴው በቡጢ ሲመታው እንኳን ምንም አልተሰማም።

«ይሄ ድምፅ ይውጣል» አለ ነጋዴው። «እዚህ ውስጥ የገባ ሰው ዓለምን ይረሳል፤ ዓለምም እሱን ይረሳዋል!»

ሌላው ሰው ሳቀ። እኔ ወደ ልጄ ጠረጴዛ አየሁ።

«መስታወት ያለውስ?» አልኩ ሳልጠየቅ።

«እሱ ታዞ ነው የሚመጣው፤ ስድስት ወር ይፈጃል።»

አለቃው እጁን አወናጨፈ። ስለዚህ የቀሩት አጭሩና ረጅሙ ሆኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ልጅ እግር ነው፤ ግን ሰው ያከብራል። «እማማ፣ የሚያጸዱት እርስዎ ነዎት። የትኛው ይሻልዎታል?»

«አጭሩ» አልኩ። «ረጅሙ አቧራ ይይዛል። ጫፉ ላይም እጄ አይደርስም።»

«ኧረ እማማ!» አለ ሬዲዮ። «ባለፈው የጣሪያውን አምፖል ሲወለውሉ አይቼዎታለሁ። ነው ወይስ የዚያን ቀን ቁመት ተበድረው ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ትክ ብላ አየችኝ።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። በዚያ መሥሪያ ቤት ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የጣላት በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። መድኃኒቱ ያዘላትና እየራቀ ሄደ። ባለፈው ዓመት የጣላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ያቺ አንዷ ናት። እኔ ግቢ ልብስ ሳሰጣ እሷ ውስጥ ውሃ ታፈላ ነበር። በሩ ተዘግቷል። ሰው ሲወድቅ የሚጮህ ይመስላችኋል፤ የእኔ ልጅ አትጮህም። ልብሱን ጨርሼ ስገባ ምድጃው አጠገብ ተዘርራለች፤ የፈላው ውሃ ክንዷ ላይ ፈስሷል። ስንት ደቂቃ እንደቆየች እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግሥቱ ጠመንጃ መፍቻ ፈልጌ የመጸዳጃ ቤቱን መቀርቀሪያ ፈትቼ ጣልኩት። ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ገላዋን ስትታጠብ በሩን በባልዲ ታስደግፈዋለች።

ሥራ ስትቀጠር ቅጹን የሞላችው እኔ ፊት ነው። «የጤና ችግር አለብዎት ወይ ይላል እማዬ» አለችኝ። እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። «የለብኝም በይ» አልኳት። ብዕሩ የሷ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው።

የዚያን ቀን ከሥራ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ አልማረችኝም።

«አቧራ ነው እማዬ?»

«አቧራማ ይይዛል።»

«እኔ ረጅሙን ነው የምፈልገው።»

«ምን በወጣሽ! እዚያ ውስጥ ሆነሽ ማን ያይሻል?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ማንም አይየኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከፊታችን የተሰለፈ ሰው ነበር። «አራት ዓመት ሙሉ እስክሪብቶ ወድቆብኝ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር፣ ቀና ስል አንቺ መወልወያሽን ጥለሽ፣ ፊትሽ አመድ መስሎ ቆመሽ አገኝሻለሁ። እኔ እኮ በሽታውን ረስቼው እውላለሁ። የምታስታውሺኝ አንቺ ነሽ።»

«እናትሽ አይደለሁ?»

«ነሽ። ቤት ስንገባ እናቴ ሁኚ። እዚያ ስምንት ሰዓት ብቻ እንደ ሰው ልዋል።»

ታክሲው ውስጥ የተገኘው የተለያየ ቦታ ነበር። እሷ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ኋላ። እስክንወርድ ድረስ አንገቷን እያየሁ ሄድኩ።

ማክሰኞ አለቃው ሁሉንም ሰብስቦ «ረጅሙን ነጋዴው ለአንድ ሳምንት ትቶልናል። አንድ ጠረጴዛ ላይ አቁመን እንሞክረውና ዓርብ እንመርጣለን። ማን...» ሲል፣ ቃሉን ሳይጨርስ ልጄ እጇን አወጣች። ሁለት ሠራተኞች በሦስት በኩል አቆሙላትና ብሎኑን አጠበቁት። ገባች። እኔ ካለሁበት ደጃፍ የሚታየው ግራጫ ጨርቅ ብቻ ሆነ።

የዚያን ቀንና በማግሥቱ ሥራዬን በትክክል ሠራሁ ብል ውሸት ነው። ሌላውን ክፍል አበስ አበስ አድርጌ እተወውና ተመልሼ እሷ ያለችበትን መተላለፊያ እወለውላለሁ። ድምፅዋን ለመስማት ጆሮዬን አቀርባለሁ፤ ስፖንጁ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። መከለያው ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ነው። ጨርቁን የምጨምቅ መስዬ ጎንበስ እልና ጫማዋን አያለሁ። ሁለቱም ጫማዎች ወለሉን ከረገጡ ተመስገን ብዬ አልፋለሁ።

«እማማ፣ ይቺ ቦታ ምን በደለችዎት?» ይለኛል ሬዲዮ። «ወለሉ እኮ ሊበሳ ነው። ዛሬ ነገ ነዳጅ ይወጣልና ሁላችንም ሀብታም እንሆናለን።»

እስቅለታለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ጎንበስ ብዬ ሳይ ጫማዎቹ የሉም። ዘልዬ በመግቢያው በኩል አንገቴን ሳስገባ ልጄ እግሮቿን ሰብስባ ወንበሩ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ደንበኛ እያነጋገረች ነበር። «አዎ ጌታዬ፣ የቤት ቁጥርዎን ይንገሩኝ» እያለች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሆን ብላ ነው እግሯን ያነሳችው።

ያኔ ነው ትልቁን ስሕተት የሠራሁት። ከልጄ ቀጥሎ የምትቀመጥ ባለመነጽር ሴት አለች። ሰው የምትወድ፣ ደግ ናት። መታጠቢያ ቤት ብቻዋን አገኘኋትና እጇን ያዝኩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በሰማይ በምድር ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ምን ሆኑብኝ እማማ?»

ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። «ውይ በሞትኩት! እሷ ልጅ? እኔ እኮ ምንም...»

«ምንም የለባትም፣ ደህና ናት። ብቻ የወንበር ድምፅ ወይ የሚወድቅ ነገር ከሰማሽ ጎራ በይላት። አደራ።»

«አይዞዎት። እንደ እህቴ ነው የማያት።»

አደራውን ጠበቀች። ከመጠን በላይ ጠበቀች። ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በመከለያው መግቢያ ብቅ ትላለች። «እህቴ፣ አለሽ?» ማስቲካ ትሰጣታለች፤ ሰዓት ትጠይቃታለች፤ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቀትር ላይ ደግሞ የማይታመን ነገር ሆነ። ሬዲዮ በልጄ በኩል ሲያልፍ በእግሩ ጣት ተራመደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦም ደንበኛውን በሹክሹክታ አነጋገረ። ያ ሰውዬ በሕይወቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

መከለያ ያስፈለገው ለሱ ጩኸት ነበር፤ ጩኸቱ አንድ ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ ለሁሉም በመድረሱ ጠፋ። ልጄ ቀስ ብላ ተነስታ በመከለያው መግቢያ ብቅ ብላ አየችው። ከዚያ ባለመነጽሯን አየች። ወደ እኔ አልዞረችም።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ መሐል ቆሙ። እኔ ደጃፉ ላይ መወልወያዬን ይዤ ነበር።

«እሺ፣ ረጅሙን የምትመርጡ» አለ አለቃው።

የልጄ እጅ ብቻዋን ወጣች። ማክሰኞ ዕለት መከለያው ሲቆምላት «ለእኔም፣ ለእኔም» ሲሉ የነበሩት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። አለቃው ግራ ገባው።

«ምነው? ስትፈልጉት አልነበረም?»

ልጄ እጇን ሳታወርድ «ማን ነገራችሁ?» አለች።

ባለመነጽሯ እንባዋ መጣ። ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ጥያቄዋን አልደገመችም፤ መልሱ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለች ለአለቃው። «እዚህ ወድቄ አላውቅም። ይኸው ሌሎቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት። መከለያውን ግን ለእኔ ብላችሁ አታሳጥሩ። የምትፈልጉትን ምረጡ።»

አለቃው ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለዚህ ነው የሚከብደው። «ለደህንነትሽ ነው እህቴ፣ አጭሩ ይሁን» አለ። «ጠረጴዛሽንም ወደ ቢሮዬ በር እናመጣዋለን። ሁላችንም እናይሻለን።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅጹ ላይ ግን... የለብኝም ብለሽ ነው አይደል የሞላሽው? የሐኪም ወረቀት ማምጣት ይኖርብሻል።»

«እኔ ነኝ እንዲያ በይ ያልኳት!» ብዬ ገባሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷ...»

«እማዬ» አለች ልጄ፣ ሳትዞር። «በቃሽ።»

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በሠራተኞች ስምምነት ባለ አንድ ሜትር ከሃያው መከለያ ተመርጧል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ፊደል ከቆጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የእሷ እጅ መውጣቷን የሚናገር ነገር የለበትም።

አጫጭሮቹ መከለያዎች በሁለተኛው ሳምንት መጡ። እነሱ ሲገጠሙ ልጄ የሐኪሙን ወረቀት አስገብታ ዝውውር ጠይቃ ነበር። ከከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ቅርንጫፍ ተቀበላት። እዚያ የሚያጸዳ ሌላ ሰው ነው።

ቤት ውስጥ አልተኳረፍንም። ሳህን ታቀብለኛለች፣ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ «ደህና ዋልሽ?» ትለኛለች። ብቻ ወሬዋ አጠረ። አዲሱ ቦታ የጀመረች ዕለት እራት ላይ ተቀምጠን መታገሥ አቃተኝ።

«እዚያ መከለያው እንዴት ነው?» አልኳት።

«ረጅም ነው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። አየችኝና ተነፈሰች።

«ነግሬያለሁ እማዬ። ለሁለት ሰው። ከወደቅኩ ምን እንደሚያደርጉ አሳይቻቸዋለሁ። ራሴ መርጬ ራሴ ነው የነገርኩት።»

«እነማን ናቸው?»

«አልነግርሽም።»

«ስማቸውን ብቻ። ካልሆነም ስልካቸውን፤ አልደውልም፣ ብቻ እንዲኖረኝ...»

«እማዬ።»

ማንኪያዬን መልሼ አነሳሁ። «ደጎች ናቸው?» አልኳት።

«እንጃ። ገና ዛሬ አይደል ያየኋቸው።» ሳህኗን አጠበችና ወደ ክፍሏ ገባች።

አሁን አዳራሹን ስወለውል ቀና ብዬ የማየው ሰው የለኝም። ሥራዬ ተሻሽሏል፤ አለቃውም አመስግኖኛል። ስልኬን ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ እውላለሁ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ በረጅም መከለያ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ወንድ ይሁኑ ሴት አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የማስበው ዛሬ ሁለቱም ሥራ ገብተው እንደሆነ ነው፤ ወይስ አንደኛው ፈቃድ ወጥቶ፣ ሌላው ሻይ ሊጠጣ ወረድ ብሎ ይሆን?