ያጠብኩት ምልክት

የልጄ ጀልባና እኔ እኩዮች ነን፤ ሁለታችንንም የሚያመን ወገባችንን ነው። የስንት ዓመት ዝናብ ገብቶባት ወለሏ በስብሷል። ልጄ ደግሞ ቅዳሜ ሰው ጭና ሐይቁን ልታሻግር ቃል ገብታለች። እግሯ ወለሉን በስቶ ሲሰምጥ በዓይኔ እየመጣ እህል አልወርድ አለኝ።

ሰኞ ዕለት አናጢው መጡ። በሥራ ስለማይጣደፉ ሰፈሩ «ጋሼ ዝግታ» ይላቸዋል። የወለሉን ጣውላ አንስተው፣ ወለሉን ከሥር የሚሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች በመዶሻ እየመቱ አዳመጡ። የበሰበሰው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉና አዲስ እንጨት ሊያመጡ ሄዱ።

እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። የጀልባዋን ሆድ ባየው ጭቃና የሞተር ዘይት ብቻ ነው። እንግዳ የሚመጣ ይመስል ባልዲና ሳሙና ይዤ ገባሁ፤ ፈትጌ ፈትጌ አጠብኩት።

ማክሰኞ ጋሼ ዝግታ እንጨቱን ተሸክመው መጡ። መጀመሪያ ጀልባዋን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን።

«ምልክቴ የታለ?»

ክው አልኩ። ብዋሽ የበሰበሰው ላይ የምትቆመው ልጄ ናት። «እኔ ነኝ ጋሼ። አጠብኩት።»

«እማዬ!» ልጄ ራሷን ያዘች። «ሐኪሙ የጻፈውን አጥበሽ በሽታውን ተውሽው?»

ጋሼ ዝግታ ሳቁ። «ብስባሹ እንደሆነ በሳሙና አይለቅም፤ እዚያው ነው ያለው። ነይ፣ አሁን አንቺ ትመቺያለሽ።»

«እኔ? ምኑን አውቄው?»

«ሐብሐብ ስትገዢ መታ መታ አታደርጊም?»

መዶሻውን ተቀበልኩ። ደህናው እንጨት «ኳ» ይላል። የበሰበሰው ትራስ የመታሁ ያህል «ድፍ» ይላል። ስድስት አገኘሁ፤ የአሁኑን ምልክት በቢላ ጫርኩት።

«ልክ ነሽ፣ ስድስት ነበሩ» አሉ።

እኔን ግን አላስችል አለኝ። ሞተሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ መሃሉን መታሁት፤ ኳ። ጎንበስ ብዬ ጫፉን መታሁት፤ ድፍ።

«ጋሼ፣ ይሄስ? ወገቡ ደህና ነው፣ እግሩን ግን ታሟል።»

ቢላቸውን ሰኩበት። እስከ እጀታው ገባ። ነቅለው አወጡትና «ይሄን ሰኞ አልፌዋለሁ» አሉ።

«ጋሼ ዝግታም ይቸኩላሉ እንዴ?» አለች ልጄ።

ሰባቱም ተቀየሩ፤ አዲሱ ጣውላም ላያቸው ላይ ተመታ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ተሰልፎ ቆሟል፤ እኔ ግን ጀልባዋ ፊት ቆሜ መንገድ ዘግቻለሁ።

«እማዬ፣ ካላመንሽ ወለሉ ላይ ውጪና ዝለይበት» አለች ልጄ ለቀልድ።

ወጣሁ። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ሞተሩ አጠገብ ሦስት ጊዜ ዘለልኩ። ወለሉ ንቅንቅ አላለም።

«ምን ሆነው ነው እኚህ እናት?» አለች አንዲት ተሳፋሪ።

«ተቆጣጣሪያችን ናቸው» አለች ልጄ።

ወረድኩና ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁላት።